ሁለት መስኮት፣ አንድ ዓይነት ወረቀት

በ1974 ዓ.ም. ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር። ናዝሬት፣ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ምግብ ቤት ነበረኝ። ቤቱ የቀበሌ፣ ሥራው የኔ። ትምህርቴ የኔታ ዘንድ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም። ማንበብ እንደምንም እችላለሁ። መጻፍ ሲሆን ግን እስክሪብቶ ስጨብጥ ጣቴ እንደ እንጨት ይደርቃል። ይህን ከሚስቴ ከአስካለ በቀር ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር። አሁን የምነግራችሁ ነገሩ የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ሹፌር ግማሹ እስላም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ አገሩን ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ቤቴ ሁለት ወጥ ቤት ነበረው። በግራ በኩል አስካለ የክርስቲያኑን ትሠራለች። በቀኝ በኩል እትዬ ዘሃራ የምትባል የወሎ ሰው የእስላሙን ትሠራለች። መካከላቸው ግንብ ነው። ቢላው ሌላ፣ መጥበሻው ሌላ፣ ሥጋው የሚመጣበት ሉካንዳ ሌላ። ሁለቱም ምግብ ወደ ሳሎን የሚያወጡበት የየራሳቸው መስኮት አላቸው።

አሠራራችን በማርካ ነበር። የዛሬ ልጆች ማርካን ላታውቁት ትችላላችሁ። ሳንቲም የምታህል የነሐስ ቁራጭ ናት። አሳላፊው ምግብ ሲታዘዝ ከባንኮኒው ከኔ ማርካ ይወስድና ለወጥ ቤት ይሰጣል። ወጥ ቤቷም ማርካ በእጇ ካልገባ ሳህን አታወጣም። የአስካለ ማርካ ድፍን ነው፣ የእትዬ ዘሃራ መሃሉ የተበሳ። ዓይን ባያይ እንኳ ጣት ይለየዋል። ይህን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ከኔ በፊት ቤቱን ይዞት ከነበረው ሰው የወረስኩት ነው። ያልደከምኩበት ስለሆነ ይመስለኛል ምን እንደሚሠራልኝ አስቤው አላውቅም።

አንድ ቀን ካኪ የለበሰ ጎልማሳ የንግድ ተቆጣጣሪ መጣ። ባንኮኒው ላይ ከተከመረው ማርካ አንዱን አነሳና አገላበጠው።

«ጓድ ደጀኔ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ማርካ ነዋ።»

«ማታ ላይ ምን ያህል እንደተሸጠ በምን ይታወቃል?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንተ ማወቅህ መቼ አነሰን» አለና ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ለመንግሥት የሚቀር ነገር ያስፈልጋል። ወይ ቁጥር ያለው የደረሰኝ ካርኒ ትይዛለህ፣ የምግቡን ዓይነትና ዋጋውን እየጻፍክ አንዱን ቅጠል ለበላተኛ፣ አንዱን ለኛ። ወይ ደግሞ ካሽ ሬጅስተር ትገዛለህ።»

«ማርካውንስ ጎን ለጎን ብይዘው?»

«አይሆንም። በሁለት መንገድ የሚሸጥ ቤት አንዱን ሊደብቅ ነው ተብሎ ይያዛል። ምረጥ።»

እንግዲህ ምርጫው ቀላል ነበር። ካርኒው ርካሽ ነው፣ የምግቡ ስም ይጻፍበታል፣ «የእስላም ጥብስ» ብሎ መጻፍ ነው። ግን የሚጽፈው ማን ነው? አሳላፊው ሞገስ ከኔ የባሰ ነው። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ፣ ፊደል ስለቅም ታየኝ። አንገቴ ድረስ ሞቀኝ። ለሰው ግን «ካርኒ የሻይ ቤት ዕቃ ነው» አልኩ።

አገር ለቆ ከሄደ አንድ ጣሊያን የቀረ አሮጌ ማሽን እዚያው ናዝሬት ተገኘ። እንደ ወፍጮ የከበደ ብረት ነው። ቁጥሩን ተጭነህ እጀታውን ስትጎትት ይደውልና መሳቢያው ይዘላል፣ ከጎኑ ትንሽ ወረቀት ይተፋል። ወረቀቱ ላይ ተራ ቁጥርና ዋጋ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። በጋሪ አስጭኜ ሳመጣው የመንገዱ ሰው ወጥቶ አየ። እኔም እንዲታይልኝ ጋሪውን በዝግታ አስነዳሁት።

እትዬ ዘሃራ ከወጥ ቤቷ ወጥታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየችው። ዕድሜዋ ለእናቴ ይቀርባል፣ ከሰው ፊት አትሸሽም።

«ወረቀቱን አሳየኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። «የአስካለንስ?» ሁለተኛ ጎትቼ ሰጠኋት። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ፣ «የቱ ነው የኔ?»

የምግብ ዋጋ ያን ጊዜ በመንግሥት ተመን ነው። የክርስቲያንም የእስላምም ጥብስ ዋጋው አንድ ነው።

«ሞገስ ሲያስቀምጥ ይጣራል፣ ‘የእስላም’ ብሎ።»

«በጩኸት ሥጋ ይለያል እንዴ ደጀኔ?»

«እትዬ ዘሃራ፣ አንቺ ወጡን ያዢ። ይሄ የመንግሥት ትእዛዝ ነው።»

«መንግሥት ይሄን ግዛ አለህ?»

ሞገስ ሊስቅ ፈልጎ ፊቱን አዞረ። እኔ ግትር ነኝ፣ ዛሬም ነኝ። በዚያው ከሰዓት ማርካውን በሙሉ ሰብስቤ ለነሐስ ቀጥቃጭ ሰጠሁት፣ መመለሻ እንዳይኖር።

ማሽኑ ከገባ ሳምንት ሳይሞላው ቅዳሜ ሆነ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ከበር ይገባል። ከአሰብ የመጡ ብዙ መኪኖች ባንድ ላይ ደርሰው ሳሎኑ ጢም አለ። በዚያ መሃል ሐጂ ከማል ገቡ።

ሐጂ ከማልን ላስተዋውቃችሁ። የአርሲ ሰው ናቸው፣ ከአሰላ፣ የጭነት መኪና ነበራቸው። ናዝሬት ሲያድሩ ከኔ ቤት በቀር ሥጋ አይቀምሱም። እሳቸውን አይተው ነው ሌሎቹ እስላም ሹፌሮች ቤቴን የለመዱት። ያን ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ነበር የመጡት። አንደኛው ሼህ ኡስማን ይባላሉ፣ የመቂ ሰው፣ ነጭ ጢም፣ ዝግ ያሉ። የሐጂ ልጅ የሼሁን ልጅ ሊያገባ ነገር ተጀምሮ ኖሮ፣ በማንም ቤት ያልሆነ መሃል ቦታ እንነጋገር ብለው ናዝሬትን መረጡ። ሌላኛው ሽማግሌ የሼሁ ታናሽ ወንድም ነበሩ።

ሐጂ ወደ ባንኮኒው መጥተው ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«አካም ጅርታ ደጀኔ? ዛሬ እንዳታሳፍረኝ። አማቶቼ ናቸው።»

«ሐጂ፣ ይቀመጡ እንጂ። ቤቱ የርስዎ አይደለም እንዴ?»

«ሼሁ በመንገድ ላይ ሥጋ አይበሉም። ‘እኔ ወደምወስድዎ ቤት ግን ይብሉ፣ ኃላፊነቱ በኔ’ ብያቸዋለሁ። ጥሩ ጥብስ አውጣልን።»

ማሽኑን ተጫንኩ፣ ጎተትኩ፣ ወረቀቱ ወጣ። ወዲያው የአሰብ ሹፌሮች ደግሞ ጥብስ አሉ፣ ያንንም ጎተትኩ። ሞገስ በሁለት እጁ ሳህን ተሸክሞ ከወዲያ ወዲህ ይላል። «ጋሼ፣ አልደረስኩም» አለኝ ሲያልፍ። እኔ አደርሳለሁ ብዬ ሁለቱን ወረቀት ባንድ እጄ ይዤ ተነሳሁ። በመሃል አንዱ እጄን ይዞ ቢራ ጠየቀኝ፣ ሌላው ውሃ አለኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሁለቱንም ወረቀት አስካለ መስኮት ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። አልተጣራሁም። ትዝም አላለኝ።

አስካለ ሁለት የጥብስ ወረቀት አየች፣ ሁለት ጥብስ ሠራች። ምን ታድርግ? ሞገስም በዚያ ጥድፊያ ከየትኛው መስኮት እንዳነሳው ልብ አላለም።

ባንኮኒዬ ላይ ቆሜ ሞገስ የሐጂን ሳህን ሲያስቀምጥ አየሁ። እንፋሎቱ ይነሳል። ልክ በዚያን ጊዜ እትዬ ዘሃራ ከጎኔ መጥታ ቆመች።

«ሐጂ ሲገቡ አይቻለሁ» አለች። «ሥጋቸውን ከትፌ ቁጭ ብያለሁ። ወረቀታቸው ምነው ቀረ?»

ወደ ሐጂ ገበታ ስመለከት እሷም ዓይኔን ተከትላ ተመለከተች። ሐጂ ‘ቢስሚላህ’ ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

ከባንኮኒው እስከ ገበታው ሩቅ አይደለም። ተዉ ብል ይሰሙኛል። እጄን ባነሳ እንኳ ያዩኛል። አፌ ግን አልተከፈተም።

እትዬ ዘሃራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከኔ ምንም አልወጣም ደጀኔ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ወደ ጓዳ ገባሁ። አዎ፣ ወደነሱ መሄድ ሲገባኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለአስካለ ነገርኳት። ማማሰያው እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

«በልተዋል?»

«ጀምረዋል።»

«እንግዲያ ዝም በል» አለች። «በልተው ይሂዱ። ካላወቁት ምን ይሆናሉ? ብትናገር ግን ሐጂን በአማቶቻቸው ፊት ገደልካቸው። ቤቱም አለቀለት።»

ይህ ለኔ መልካም ምክንያት ሆነልኝ። ለራሴ፣ ዝም የምለው ለሐጂ ክብር ነው አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የታየኝ ሐጂ አልነበሩም። የታየኝ ያ በጋሪ ያስጎበኘሁት ብረት ነው። ሰው ሁሉ ማሽኑን እያየ ሲስቅብኝ ነው የታየኝ።

ወደ ሳሎን ተመልሼ ወጣሁ። ወደ ገበታቸው ሄድኩ፣ ሌላ ሰው ጋ ጉዳይ እንዳለኝ ሆኜ አለፍኳቸው። ተመለስኩ፣ ደግሞ አለፍኳቸው። ሐጂ ጠቅልለው ለሼህ ኡስማን ሲያጎርሱ አየሁ። ሼሁ «ይበቃኛል» ሲሉ፣ ሐጂ «አንድማ አይሆንም» ብለው ደገሙላቸው። ከዚያ ሐጂ ቀና ብለው አዩኝና በደስታ ተጣሩ።

«ደጀኔ፣ ለእትዬ ዘሃራ ንገርልኝ። ዛሬ እጇ ሌላ ነው።»

እትዬ ዘሃራ በመስኮቷ ቆማ ሰማች። ፊቷን አየሁት። ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ መስኮቱ ላይ አኖረች።

«ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። «ያልሠራሁትን አልመሰገንም።»

ሄድኩ።

«ሐጂ፣ እጅዎን ይሰብስቡልኝ።»

«ምነው? ጨው ረሳችሁ?» ብለው ሳቁ።

«ሥጋው የኛ ነው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። «የናንተ ቢሆን ነዋ የምንበላው» አሉ፣ አሁንም እየሳቁ። ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። አጠገብ ያሉት በላተኞች ዞረው አዩን።

ሼህ ኡስማን አማርኛው በደንብ አልደረሳቸውም። ወደ ወንድማቸው ዞረው «ማል ጄዴ?» አሉ፣ ምን አለ ማለታቸው ነው። ወንድማቸው በጆሯቸው ነገሯቸው። ሼሁ አልጮሁም፣ አልተቆጡም። አፋቸው ውስጥ የነበረውን በመዳፋቸው ተቀበሉና በቀስታ ከሳህኑ ዳር አኖሩት። ሞገስ ውሃ ይዞ ሲሮጥ ልብሳቸው ላይ አፈሰሰው።

ሐጂ አልታጠቡም። እጃቸው እንደተቀባ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዩኛል።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«አሁን» አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ ቆማለች።

«መቼ ነው ያወቅከው ደጀኔ?»

«ገና ሲቀርብ።»

«ገና ሲቀርብ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ስጎርስ እያየኸኝ?»

«እያየሁዎ።»

«ሳጎርሳቸውም?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ሼህ ኡስማን በወንድማቸው አስተርጓሚነት ተናገሩ። «ሳናውቅ የበላነውን አላህ ያውቀዋል፣ እሱ አያስጨንቀንም በለው። ወረቀት መሳሳትም ያለ ነው በለው። እያወቀ ቆሞ ያየበትን ግን እሱው ይወቅበት።»

ከዚያ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ሐጂ ከማል ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁና በሳሎኑ መሃል፣ ያ ሁሉ ሹፌር እያየ፣ በሼህ ኡስማን ፊት ጎንበስ አሉ።

«አፉ በሉኝ። ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ። ኃላፊነቱ በኔ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጎንበስ የሚለው እኔ መሆን ነበረብኝ። ‘እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ’ ብዬ ወደቅሁ፣ ማንም አላየኝም። ሼሁ ሐጂን በትከሻቸው ይዘው አቀኗቸው። «ይቅር ብለናል» አሉ። ግን ቀጥለው፣ «የልጆቹን ነገር ዛሬ አናነሳውም። እንዲህ ባለ ቀን አይጀመርም» አሉና ወጡ። ሌሎች እስላም ሹፌሮችም ከእትዬ ዘሃራ መስኮት የወጣላቸውን ሳህን እንኳ እየገፉ አንድ በአንድ ተነሱ። ‘የናንተው ነው’ ቢባሉ ማን ያምናል?

ሐጂ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር።

«እነዚህን ሹፌሮች ሁሉ ወደዚህ ቤት የላክኋቸው እኔ ነኝ» አሉኝ። «አሁን ከየትኛው ጀምሬ ልንገራቸው?»

ነፋሱ ነጠላቸውን እየገለበው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሳሎኑ ባዶ ሲሆን ሞገስ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት በል። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ብባረርም ድሬ እሄዳለሁ» አለኝ። የሚያስቅ ነገር ነበረው፣ ማንም ግን አልሳቀም። እትዬ ዘሃራ ቢላዋንና መጥበሻዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ነገስ?»

«እኔ ነገ ሰው ‘ሥጋው የማን ነው?’ ቢለኝ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? እስቲ አንተ ንገረኝ።»

ጥቅሏን ብብቷ ሥር አድርጋ መንገዱን ተሻገረች።

የልጆቹ ጋብቻ ከርሞ ተፈጸመ ሲባል ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ ሠርጉ ላይ ግን አልተጠራሁም፣ መጠራትም አልነበረብኝም። እትዬ ዘሃራ ከብዙ ልመና በኋላ ተመለሰች፣ ካርኒ ይዘን፣ እኔም ሰው እያየኝ ጎንበስ ብዬ እየጻፍኩ። የመጀመሪያ ሰሞን አንዳንዱ በላተኛ ‘ምሳዬ ለእራት ይደርሳል?’ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። ሐጂ ከማል ግን እስኪሞቱ ድረስ ቤቴ አልገቡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አልነፈጉኝም፣ ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ የልጆቼን ስም እየጠሩ ይጠይቃሉ። ከስድብ የሚከፋው እሱ ነበር።

እናንተ ዛሬ ምግብ ቤት የምትከፍቱ ልጆች፣ ማሽናችሁ ከኔ እጅግ የተሻለ ነው። ይናገራል፣ ይጽፋል፣ ግብር ቤት ድረስ ራሱ ይልካል አሉ። እኔ ስለ ማሽን የማስተምራችሁ የለኝም። አንድ ነገር ግን ላስታውሳችሁ። በኋላ ያ ተቆጣጣሪ መጥቶ የዚያን ቅዳሜ ወረቀት አገላብጦ አይቷል። ‘ሁሉም ልክ ነው፣ ጎበዝ’ ብሎኝ ሄደ። በሱ በኩል አንዳች ጥፋት አልነበረብኝም። መንግሥት ከኔ የሚፈልገውን ጠይቄ ነበር። ሐጂ ከማል ከኔ የሚፈልጉትን ግን ሳልጠይቅ፣ የጠየቀችኝንም ሴት ‘ወጡን ያዢ’ ብዬ መለስኳት። ይህንንም ያደረግሁት ጽሕፈቴ እንዳይታይብኝ ነው። አንዱን ትንሽ ሐፍረት ስሸሽ ያገኘኝ ሐፍረት ይኸው ሽማግሌ ሆኜም አብሮኝ አለ። ስሕተቱን ለራሴ ይቅር ካልኩት ቆየሁ። እነዚያን ጉርሻዎች ቆሜ ያየሁበትን ግን እስካሁን አልቻልኩም።

በዚያ ቅዳሜ ማግሥት፣ እሑድ ገና ሳይነጋጋ ተነሳሁ። አስካለ ‘ዛሬ ባንከፍትስ?’ አለችኝ። አንድ በርጩማ አውጥቼ ከበሩ ውጪ፣ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መኪና ከአሰላ በኩል መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ የማውቀው ነው፣ ጀማል ይባላል፣ እየተንጠራራ ወረደ።

«ሰላም ጋሼ። ዛሬስ በጧት ወጥተሃል። እትዬ ዘሃራ ገብታለች?»

«አልገባችም። አንተም ሳትገባ ስማኝ» አልኩት።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ወረቀቱን ያስቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ገና ሲቀርብ እንዳወቅሁ፣ እንዳየሁና ዝም እንዳልኩ ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ። የተከፈተውን በር አየ፣ እኔን አየ። ተመልሶ መኪናው ላይ ወጣና ሄደ።

አቧራው ሳይረጋ ሁለተኛው መኪና መጣ። ከበርጩማዬ ተነስቼ ወደሱ ሄድኩ።